ስለ ተዋጊ ጀት ስኳድሮኖችና ስለ ኮምቦልቻ ሜዳ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ስለ ተዋጊ ጀት ስኳድሮኖች (አብረው ስለሚሠሩ የአውሮፕላንና የአብራሪ ክፍሎች) ብዙ ብሏል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ በ1928ቱ የደሴ ድብደባ የኢትዮጵያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ጠላትን ከሰማዩ አባረዋል፤ በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን አየር ኃይል የሰበረው የአሜሪካ ሠራሹ ኤፍ-5 ጀት ከሶቪየቱ ሚግ-21 ስለሚበልጥ ነውና ማንም ቢያበረው ያሸንፍ ነበር፤ የማሰልጠኛ ስኳድሮን ለውጊያ ያልበቁ አብራሪዎች የሚቀመጡበት ነው፤ ከአሜሪካ ጀት ወደ ሶቪየት ጀት በአጭር ጊዜ መሻገራችን ስልጠና የሚጋነን ነገር እንዳልሆነ ያሳያል፤ ዛሬ ደግሞ ሲሙሌተር (በረራን መሬት ላይ የሚያስመስል መሣሪያ) አለ፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አስር ጀት ቢቆም ወሎ የራሷ የተዋጊ ማሰልጠኛ ይኖራታል። ጸሐፊው ለአገራቸው ማሰባቸው የሚያስመሰግን ነው። ጽሑፉን ግን ወጣቶች እንደ ማስረጃ መጥቀስ ጀምረዋል፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ ይገባዋል።

ከደሴው እንጀምር፤ አጭር ነውና። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ቦምብ ጣዮች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጀርባ ሆነው የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረውም ከዚያው ድብደባ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። በዚያን ቀን በደሴ ሰማይ ላይ አንድም የኢትዮጵያ ተዋጊ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። የመጀመሪያዋ ፖቴ 25 ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈች ወዲህ በስድስት ዓመት ውስጥ የተሰበሰቡት ጥቂት አውሮፕላኖች መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው የሚያመላልሱ ነበሩ። አየር ላይ ተኩስ ሊገጥም የሚችል ተዋጊ ስኳድሮን የሚባል ነገር አገሪቱ አልነበራትም። የደሴ ሰው የተከላከለው ከምድር ነው። ያንን ድፍረት ለማድነቅ ያልነበረ ስኳድሮን መፍጠር አያስፈልግም።

«ኤፍ-5 ከሚግ-21 የትና የት ስለሚበልጥ ማንም ቢያበረው ያሸንፍ ነበር» የሚለው የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ነው፤ ስህተቱም የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሚግ-21 የድምፅን ፍጥነት በእጥፍ ያልፋል፤ ኤፍ-5ኢ 1.6 እጥፍ ላይ ያበቃል። ሚጉ ቀጥ ብሎ በመሸሽና ወደ ላይ በመውጣት ይሻላል፤ ኤፍ-5ኢ ደግሞ በዝቅተኛና በመካከለኛ ከፍታ በጠባቡ መጠምዘዝ ይሻላል፣ ሁለት ሞተር አለው፣ ከኮክፒቱ ወደ ኋላ ማየትም ይቀላል። አንዱ ባንዱ፣ ሌላው በሌላው ይበልጣል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1972 ኔሊስ በተባለው ጦር ሰፈራቸው «የጠላት ተወካይ» ሆኖ የራሳቸውን አብራሪዎች የሚፈትን ስኳድሮን ሲያቋቁሙ መጀመሪያ ቲ-38 የተባለውን ማሰልጠኛ ጀት አሰለፉ፤ ቀጥለው ኤፍ-5ኢን ተኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በመጠኑም በአበራረሩም ለሚግ-21 የሚቀርብ ሌላ አልነበራቸውም። ሚግ-21ን መስሎ እንዲጫወት የተመረጠ አውሮፕላን ከሚግ-21 የትና የት ይበልጣል ማለት አይሄድም።

አውሮፕላኑና ሰውየው ከድሉ ስንት ስንት እንደሚወስዱ በደንብ የታየበት አጋጣሚ ደግሞ አለ፤ ቬትናም። የአሜሪካ ባህር ኃይልና አየር ኃይል ያንኑ ኤፍ-4 ፋንተም ያበሩ ነበር፤ የሚገጥሙትም ያንኑ ጠላት። እ.ኤ.አ. እስከ 1968 ድረስ ሁለቱም አንድ አውሮፕላን አጥተው የሚጥሉት ከሁለት ብዙም የማይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 መጋቢት ባህር ኃይሉ ሚራማር በተባለው ጦር ሰፈሩ የተዋጊ መሣሪያ ትምህርት ቤቱን ከፈተ፤ ምርጥ አብራሪዎችን ወስዶ የአየር ለአየር ውጊያን እንደገና አስተማራቸው፤ እነሱ ደግሞ ወደየስኳድሮናቸው ተመልሰው ሌሎቹን አስተማሩ። ውጊያው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያገረሽ የባህር ኃይሉ ውጤት ከ12 ለ1 አለፈ። ስልጠናውን ያልለወጠው አየር ኃይል እዚያው ሁለት ለአንድ አካባቢ ቀረ። አውሮፕላኑ አልተለወጠም።

ወደ ኦጋዴን እንምጣ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ላይ የነበረውን ሁኔታ ጸሐፊው የዘነጉት ይመስላል። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተበላሽቶ መለዋወጫ ተቋርጧል። የኤፍ-5ኢዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ የሶማሊያ ሚግ-17 እና ሚግ-21 በቁጥር ይበልጣሉ። በዚህ ሁኔታ የአየር የበላይነቱ በሳምንታት ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ ያዘነበለው በአውሮፕላኑ ብቻ ነው ማለት ከዚያ በፊት የነበረውን ሠላሳ ዓመት መሰረዝ ነው። ደብረ ዘይት ላይ ስልጠናው በስዊድኖች እጅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። መሪው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣልያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረ ሰው ነው፤ የሞተውም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1977 ጎዴ ላይ፣ በዚያው በሶማሊያ ጥቃት ነው። በሳፊር ማሰልጠኛ አውሮፕላን ጀማሪ ሆኖ ተምሮ፣ በሳብ 17 ቦምብ መጣል ተለማምዶ፣ ቀጥሎ በአሜሪካኖቹ ቲ-28 እና ቲ-33 አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ወደ ኤፍ-86 ሴበር፣ ከ1966 ጀምሮ ወደ ኤፍ-5ኤ የተሸጋገረ የአብራሪ ሰንሰለት ነበር። አራት ሴበሮች እ.ኤ.አ. በ1961 ለተባበሩት መንግሥታት ኮንጎ ድረስ ዘምተዋል። እነ ለገሰ ተፈራ ኤፍ-5ኢ ላይ ሲወጡ በዚህ ሰንሰለት አልፈው የመጡ ናቸው፤ እንደ እሳቸው ያለ አብራሪ ተማርኮ አስራ አንድ ዓመት ሲታሰር ቦታውን የሚሞላ ሌላ ከየት እንደሚመጣ የሚወስነውም ይኸው ሰንሰለት ነው። በዚያ ላይ ካራማራ ላይ የነበረው ራዳር፣ ከራዳሩ ጀርባ ተቀምጦ «ጠላት በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ከፍታ» እያለ የሚመራው ተቆጣጣሪም የሰለጠነ ሰው ነበር።

ልምድ ኮክፒት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ፤ መድፉን። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ 280 ጥይት ይጫናል። እያንዳንዱ መድፍ በደቂቃ 1,500 ያህል ይተፋል፤ በሰከንድ 25 ማለት ነው። ቃታውን ይዞ የማይለቅ አብራሪ በ11 ሰከንድ ውስጥ ባዶውን ይቀራል። የሰለጠነው ግማሽ ሰከንድ፣ ሲበዛ አንድ ሰከንድ ተኩሶ ይለቃል፤ እንዲህ እያደረገ ከአስር ጊዜ በላይ ዕድል ያገኛል። ሚሳኤሉም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳይድዋይንደሮች የሚያዩት የሞተሩን ሙቀት ስለሆነ ከጠላት ጀርባ ካልሆነ አይዙም፤ ፀሐይ ካለችበት አቅጣጫ ወደ ፀሐይዋ ይሳባሉ፤ አብራሪው ከ2 ጂ በላይ (ጂ ማለት በጥምዘዛ ጊዜ የሚሰማው ክብደት ከተለመደው ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው) እየተጠማዘዘ ከለቀቃቸው ይስታሉ። ይህን ሁሉ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል። ጠላት ፊትህ ሲገላበጥ ጣትን መግታት ግን በመቶ ጊዜ ልምምድ ካልሆነ አይመጣም።

«የማሰልጠኛ ስኳድሮን ለውጊያ ያልበቁ አብራሪዎች ማረፊያ ነው» ለሚለው አንድ ስኳድሮን ምሳሌ እናንሳ፤ የአሜሪካው 425ኛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፒ-61 «ጥቁር መበለት» ሌሊት ሌሊት አውሮፓ ላይ የተዋጋ ስኳድሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 እንደገና ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ አሪዞና ውስጥ ዊሊያምስ ላይ ሆኖ ኤፍ-5 የሚያገኙ አገራትን አብራሪዎች ማሰልጠን ሆነ፤ ሥራው ራሱ እዚያ የተጀመረው ግን ቀደም ብሎ በ1964 በሌላ ክፍል ስር ነው። የማሰልጠኛ ስኳድሮን ምን ያህል እንደሚከበር ከዚህ ይታያል፦ ኤፍ-5ኢ ከፋብሪካ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1973 የተሰጡት ለዚሁ ለ425ኛ ነው። ነገሩም ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አሰልጣኙ ካላወቀው ማን ያውቀዋል? ስኳድሮኑ እስከ 1989 በዚህ ሥራ ቆየ፤ በ1992 ደግሞ ሉክ ላይ ኤፍ-16 ይዞ የሲንጋፖር አብራሪዎችን እንዲያሰለጥን ተመልሶ ተቋቋመ።

አሰልጣኙ የሚሸከመውን ለማየት አንድ የውጊያ ልምምድ ቀን እንከተል። ከበረራው በፊት ገለጻ አለ፤ ማን የት እንደሚጀምር፣ ስንት ነዳጅ ሲቀር ልምምዱ እንደሚቆም፣ ሬዲዮ ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ። ከዚያ አንድ ለአንድ ይጀመራል። መጀመሪያ ሰልጣኙ ከአሰልጣኙ ጀርባ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሆኖ ያጠቃል፤ ቀጥሎ ቦታ ተቀያይረው ይከላከላል፤ በመጨረሻ ፊት ለፊት ተላልፈው እኩል ይጀምራሉ። ይህ ሳይጠናቀቅ ሁለት ለአንድ፣ ሁለት ለሁለት የሚባል የለም። በልምምዱ ሁሉ ሦስት ነገር አይጣስም፦ ከመሬት 1,500 ሜትር በታች ያለው እንደ መሬት ይቆጠራል፤ ማንም ወደ ሌላው ከ150 ሜትር አያንስም፤ ማናቸውም «አቁም» ካሉ ሁሉም ያቆማል። በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ግምገማው ግን ከበረራው ይረዝማል፤ ስህተቱ የተሠራበት ሰከንድ ተፈልጎ ሰሌዳ ላይ እስኪሳል አይወጣም።

ሰልጣኝ የሚያጠፋው ጥፋትም ተደጋጋሚ ነው። አብዛኛው ጠላቱን ለማሳደድ መሪውን አብዝቶ ይስባል፤ ፍጥነቱ ያልቅበትና በሚቀጥለው ዙር የሚታደነው እሱ ይሆናል። ሌላው ዓይኑን አንዱ ላይ ተክሎ ሁለተኛውን ይረሳል። ሌላው እየተንከባለለ በአንዴ ይስባል፤ ክንፉ ላይ ያለው ጫና በሁለት በኩል እኩል ስለማይሆን አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት ገደብ በታች ባለ ጂ እንኳ ይጎዳል፤ ምሽቱን ቴክኒሻኖች ክንፉን ፈትሸው ያድራሉ። ከፍ ያለ ከፍታ ላይ ፍጥነቱ ወርዶ ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) በድንገት የሚገፋም አለ፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ሊጠፋም ይችላል። በኤፍ-5 ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ባለ ሁለት ወንበሩ ኤፍ-5ቢ መድፍ የለውም። አሰልጣኙ ከኋላ ተቀምጦ አቀራረቡን ያሳየዋል፤ ሰልጣኙ የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩሰው ግን ብቻውን ነው፤ አሰልጣኙ በሌላ ጀት ጎኑ ሆኖ በሬዲዮ ይከታተለዋል። ይህን ሥራ «ላልበቃ» አብራሪ የሚሰጥ አዛዥ የለም።

የምድር ዒላማ ተኩስ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልቅበት ትምህርት ነው፤ ሒሳቡን ማየት ጥሩ ነው። አውሮፕላኑ በ30 ዲግሪ ቁልቁል፣ በሰዓት 833 ኪሎ ሜትር ቢወርድ በየሰከንዱ ወደ 115 ሜትር ከፍታ ያጣል። በ4 ጂ ቀና ለማለት ብቻ 240 ሜትር ያህል ይወስድበታል። ዒላማውን ካላገኘሁት ብሎ አንድ ሰከንድ የቆየ ሰልጣኝ እነዚያን 115 ሜትሮች ከመትረፊያው ላይ ቀንሶ ነው። ይህ በባህር ጠለል ነው። በእኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ በሞቃት ቀን መለኪያው ያንኑ ፍጥነት እያሳየ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 15 በመቶ ይበልጣል። ያን ጊዜ በሰከንድ የሚጠፋው 133 ሜትር፣ ቀና ለማለት የሚያስፈልገው ደግሞ 310 ሜትር ይሆናል። የሌላ አገር የመተኮሻ ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ ደብረ ዘይት ላይ ያስተማረ ሰልጣኙን ከመሬት ጋር እያጋጨው ነው።

ጸሐፊው ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ጀት የተደረገውን ሽግግር ለስልጠና ቀላልነት ማስረጃ ማድረጋቸው ነገሩን ገልብጦታል። የተሻገሩት ለዓመታት ጀት ያበሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው ጊዜው ያጠረው። ያም ሆኖ የተለወጠው የአውሮፕላኑ ስም ብቻ አይደለም። በኖት (በሰዓት የባህር ማይል) እና በጫማ (በፊት) መለኪያ የተለማመደ ዓይን በኪሎ ሜትርና በሜትር ማሰብ አለበት፤ ጽሑፉ ሁሉ ሩሲያኛ ነው። በአሜሪካው የአግድመት መለኪያ የምትንቀሳቀሰው የአድማሷ መስመር ናት፤ በሶቪየቱ የምታዘነብለው የአውሮፕላኗ ምስል ናት። ደመና ውስጥ የተደናገጠ አብራሪ በልማዱ ካነበበው ወደ ተቃራኒው ሊያዘነብል ይችላል። በኤፍ-5 ፍሬን የሚያዘው በእግር ጫፍ ነው፤ በሚግ-21 እጀታው ላይ ባለ ማንሻ ሆኖ ግራና ቀኙን የሚለየው ፔዳሉ ነው። አዲሶቹ ሚግ-21ዎች ከሞተሩ አየር ወስደው ፍላፓቸው (ሲያርፉ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ላይ ይነፋሉ፤ ስለዚህ መሬት ሳይነኩ ስሮትሉን መቁረጥ ማለት አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሳውን ኃይል አብሮ መቁረጥ ነው፤ አውሮፕላኑ ዱብ ይላል። ሰው በጭንቀት ጊዜ የሚመለሰው ወደ ድሮ ልማዱ ነው። ድሮ ልማዱን በአዲስ የሚተካው ደግሞ ያው የማሰልጠኛ ስኳድሮን ነው።

ስለ ሲሙሌተሩ ብዙ አንልም። ለአደጋ ጊዜ እርምጃዎች፣ ለማብሪያ ማጥፊያዎች ቅደም ተከተል፣ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሞተር እሳት ሲይዝ ምን እንደሚደረግ እውነተኛ እሳት ለኩሶ ማስተማር አይቻልም። የማይሰጠው ጂውን ነው። ራስ ከነቆቡ 6.5 ኪሎ ቢሆን በ5 ጂ 32 ኪሎ ይሆናል፤ በዚያ ክብደት ነው አንገት አዙሮ ጠላትን ከኋላ መፈለግ። ደም ከራስ ወደ እግር ይወርዳል፤ ፀረ-ጂ ሱሪው የሚያግዘው በ1 ጂ ወይም ትንሽ በለጥ ባለ ነው፤ የቀረው የእግርና የሆድ ጡንቻን ወጥሮ በየሦስት ሰከንዱ ትንፋሽ መቀየር ነው። ይህን የረሳ ራሱን ይስታል፤ ለብዙ ሰከንዶች አውሮፕላኑን የሚያበርለት የለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ስክሪን ያየ ሰው ይህን አልለመደም።

የቀረው ኮምቦልቻ ነው፤ ለዚህ አካባቢ ሰው የሚነካው ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንየው። በመጀመሪያ፣ ኮምቦልቻን በከፍታዋ ምክንያት የሚነቅፉም አሉ፤ እነሱም ልክ አይደሉም። ሜዳዋ ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የደብረ ዘይቱ ሐረር ሜዳም 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። በ28 ዲግሪ ሙቀት ኮምቦልቻ ላይ ያለው አየር በጥግግቱ 2,760 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ነው። በመለኪያው 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያሳየ የሚያርፍ ጀት አስፋልቱን የሚነካው በ310 ነው፤ ለመነሳት የሚያስፈልገው መንገድ በባህር ጠለል ከሚፈልገው 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህ ከባድ ነው፤ ግን ደብረ ዘይትም ኖራበታለች። ኤፍ-5ኢ የአፍንጫ እግሩን ረዘም አድርጎ ፊቱን ቀና የሚያደርገውም፣ ሲያርፍ ከጅራቱ ፓራሹት የሚለቀውም ለእንደዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ነው።

ችግሩ ዙሪያዋ ነው። ደብረ ዘይት ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ኮምቦልቻ ግን ገደል ስር ናት። ደሴ በመንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በአየር 12 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከ600 ሜትር በላይም ትበልጣለች፤ ከላይዋ ደግሞ ጦሳ አለ። በመለኪያው በ300 ኖት የሚበር ጀት ከሜዳው ደሴ ላይ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ለሰለጠነ አብራሪ ይህ ምንም አይደለም። ሰልጣኝ ግን በዚያው ፍጥነት በ2 ጂ ሲዞር የክቡ ራዲየስ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጎኑ የሚነፍስ ነፋስ ትንሽ ከገፋው መስመሩን አልፎ የሚሄደው ወደ ተራራው ነው። ሰልጣኝ በቀን ደጋግሞ ያርፋል፣ ሳይቆም ደግሞ ይነሳል፤ ማረፉ ካልተሳካለትም ስሮትሉን ገፍቶ ይወጣል። የሚወጣበት አቅጣጫ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት። ባለ አንድ ሞተር ማሰልጠኛ ጀት ሞተሩ ቢጠፋ ከሜዳው አናት ላይ ከፍታ ይዞ ክብ እየሠራ ይወርዳል፤ ያን ክብ ከሐረጎ ጎን መሥራት ከቦርከና ሸለቆ በአንዱ ወገን ብቻ ካልሆነ አይመችም። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ ዳገቱ ላይ ሲተኛ የሚታየው ግማሹ ሰማይ ነው።

«የኮምቦልቻን ሜዳ ጣልያንም ተጠቅሞበታል» የሚል ክርክር ቢነሳም አያስኬድም። ጣልያን የተጠቀመበት በፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ የዚያ ዘመን ተዋጊ የሚያርፈው ከዛሬ ጀት ግማሽ እንኳ በማይደርስ ፍጥነት ነበር። ሸለቆው ምን ያህል ወጥመድ እንደሆነ ጣልያንም አይቶታል፤ በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ሜዳውን ደብድበውታል፣ እግረኛው ኮምቦልቻ ላይ ተዋግቶ ደሴን ሚያዝያ 18 ይዟታል።

ከሜዳው ሌላ የመተኮሻ ሜዳ ያስፈልጋል፤ በየጎኑ ብዙ ኪሎ ሜትር ሰውና ከብት የሌለበት። ቦርከና ግራና ቀኙ የሚታረስ ነው። የአየር ውጊያ ልምምድ ደግሞ የራሱ የተከለለ ሰማይ ይፈልጋል፤ የመንገደኛ አውሮፕላን በሚያርፍበት፣ ከተማና ፋብሪካ ባለበት ሸለቆ ላይ ይህን ማስያዝ ከባድ ነው። አየሩ ቢዘጋ ሰልጣኙ ሄዶ የሚያርፍበት ሁለተኛ ሜዳ በነዳጁ ውስጥ መታሰብ አለበት፤ ሁለተኛው ሜዳ በራቀ ቁጥር ለትምህርት የሚቀረው ደቂቃ ያንሳል።

በመጨረሻም አስሩ ጀት። ሒሳቡን ለምሳሌ እንሥራ። አስር ሰልጣኝ አለ እንበል፤ ለእያንዳንዱ አርባ በረራ። አራት መቶ መሆኑ ነው። በአየር ውጊያው ምዕራፍ ግን አንድ ሰልጣኝ በወጣ ቁጥር ተቃዋሚው አብሮት ይወጣል፤ ሁለት ለሁለት ሲሆን አራት ጀት ይነሳል። በዚህ ስሌት ወደ ሰባት መቶ ይደርሳል። አልፎ ያልተሳካለት የሚደግመው፣ አየሩ የሚሰርዘው፣ አሰልጣኞች ራሳቸው ብቃታቸውን ለመጠበቅ የሚበሩት ሲታከል ስምንት መቶን ያልፋል። አስር ጀት ከቆመ ጠዋት ጠዋት ለበረራ የሚደርሰው አስር አይሆንም፤ ጥሩ ጥገና ባለበት ስድስት ቢሆን ነው፤ የቀረው ምርመራ ላይ፣ ጎማ ወይም መለዋወጫ ጥበቃ ላይ፣ ትናንት በዝቶ በተሳበ ክንፍ ፍተሻ ላይ ነው። ስድስቱ በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ቢወጡ አስራ ሁለት በረራ፤ ለስምንት መቶው ወደ ሰባ የበረራ ቀን፤ እሑድ፣ ክረምትና ጉም ሲቀነስ አምስት ወር ግድም። በነዚያ አምስት ወራት ለእያንዳንዱ ጀት መካኒክ፣ የመሣሪያ ሠራተኛ፣ የመቀመጫና የፓራሹት ባለሙያ፣ የነዳጅና የኦክስጅን ክፍል ያስፈልጋል፤ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን በእግር እየሄዱ ጠጠር የሚለቅሙ ሰዎችም ጭምር፤ ኤፍ-5ን በሚያህል ጀት አየር ማስገቢያ የገባ አንድ ብሎን ሞተሩን ያበላሻል። ጸሐፊው ጀቶቹን ቆጥረዋል፤ ይህን ሁሉ ሰው ግን አልቆጠሩም። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከዚህ ጉዳይ የሚፈልጉት ነገር ካለ ጥያቄያቸውን ቢጀምሩ የሚሻለው ከዚህኛው ዝርዝር ነው።